እግረ መንገድሽን

“እግረ መንገድሽን ይቺንም ያዥልኝ” አሉ እትዬ ደጃፍ፣ ሶሉ የተገነጠለ ጫማቸውን ዘንቢሉ ውስጥ እየከተቱ። “ለጫማ ሰፊው የእኔ መሆኑን ንገሪው። ባለፈው ሰፋሁት ብሎ ሰጠኝና ውሎ ሳያድር አፉን ከፈተብኝ።”

ድሮ ቢሆን ካውያ “ከእርስዎ ጋር ውሎ አፉን ባይከፍት ነበር የሚገርመኝ” ትላቸው ነበር። አሁን ግን “እሺ” ብቻ አለችና ዘንቢሉን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ ክንዷ አዛወረችው።

ከጫማው ሥር የጎን ቤት ሴትዮ የላከችው ባዶ የዘይት ጠርሙስ አለ። ከጠርሙሱ አጠገብ ጠቦ ሊቀየር የተላከ የሕፃን ካልሲ፣ ከነማሸጊያው። ከሥር ደግሞ ወንድሟ ለናሙና በፌስታል ጠቅልሎ የሰጣት ቁራጭ የብየዳ ኤሌክትሮድ። ወንድሟ በያጅ ነው። ከግቢው በር ጎን ባለችው የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ ትልቅ የብረት በር ላይ ተጎንብሷል።

“ወፍራሙን ነው” አለ ቀና ሳይል። “ቀጭኑን ይዘሽ ብትመጪ መልሼ ነው የምልክሽ። ሰውዬው ዛሬ በሩን ሊወስድ ይመጣል፣ ያለ እሱ መጨረስ አልችልም።”

“እሺ።”

እናቷ ደረጃው ላይ ቆማ ታያታለች። “አየሽ፣ ሰው እንዴት እንደሚወድሽ” አለቻት። አባባሏ ግን እንደ ጥያቄ ነበር።

ካውያ ዘንቢሉን ሽቅብ ሳብ አደረገች። የዘንቢሉ ማንጠልጠያ ክንዷ ላይ የተለመደው ቦታው ገባ። እዚያ ቦታ ላይ አሁን ቀይ መስመር አለ፣ የሰዓት ማሰሪያ የመሰለ።

ካውያ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ ስሙ ግን ከእጇ ሳይሆን ከምላሷ የመጣ ነው። የነካችው ሰው ምልክቷን ሳይይዝ አይሄድም። ባለፈው ዓመት ያ ምላስ ጠፋ።

እንዴት እንደጀመረ እሷም አታውቅም። አንድ ጠዋት ተነሳች፣ ለበሰች፣ ሥራ ሄደች፣ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ስትተኩስ ዋለች፣ ተመለሰች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ማንም አልሞተባትም። የከዳት ሰው የለም፤ ለመክዳት እስኪደርስ ያቀረበችውም የለም። “ምን ሆንሽ?” ሲሏት “ምንም” ትላለች፤ እውነቷን ነው። ሰፈሩ ግን በምንም አያምንም። ሰው ያለ ምክንያት ሊከፋው አይችልም ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ድንጋጌው ግን ይሠራል። አንዷ የደም ማነስ ነው አለች። ሌላዋ የወደደችው ሰው ሌላ አግብቶባት ነው ብላ ሰውዬውን ጭምር ፈልጋ አገኘችላት፤ የዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበር፣ ካውያ በሕይወቷ ከእሱ የብር መልስ ብቻ ነው የተቀበለችው። እናቷ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ ደሟን መርምሮ “ደህና ነች” ሲል እናትየው የሐኪሙን ፊት አየች፣ የልጇን ፊት አየች፣ ከሁለቱ አንዱ እንደሚዋሽ ገባት።

ከዚያ አንድ ቀን ዋናው መንገድ ለቧንቧ ተቆፈረና ታክሲ ጠፋ። ካውያ ሰው ተሰልፎ ከሚጠብቅበት ፌርማታ ወጥታ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ጫካ በኩል ጅረቱን ተከትላ በእግሯ መጣች። አስባበት አይደለም፤ መቆም ሰልችቷት ነው። ቤት ስትደርስ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ፊቷ በላብ ወዝቷል፣ ደግሞም ርቧታል። የቀረበላትን ጨርሳ “ጨምሪልኝ” ስትል እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን ከሚገባው በላይ ስታማስል ቆየች።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከሥራ በፊት ጫካ ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ እንቅልፏ ተመለሰ። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቷ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ወንድሟን “ፂምህን የተላጨኸው በብየዳ ነው?” ስትለው እናቷ ከወጥ ቤት ድረስ ሰምታ ሳቀች። ካውያ ተመልሳለች።

ችግሩ የሰፈሯ ቅያስ ነች። ቅያሷ ጠባብ ነች፤ በሯ አንድ፣ ጠያቂዋ ብዙ። ከሁሉ በፊት እትዬ ደጃፍ አሉ። ቤታቸው ውስጥ ወንበር ይኑር አይኑር ያየ የለም፤ እሳቸው የሚታወቁት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነው፣ ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው።

“ወዴት ነው በጠዋቱ?”

“ጫካ።”

“ምን ልታደርጊ?”

“በእግሬ ልሄድ።”

“እሱማ በእግርሽ ነው። ምን ልታደርጊ ነው የምልሽ?”

“ይኸው እኮ ነገርኩዎ፣ እትዬ። ልሄድ፣ ከዚያ ልመለስ።”

መልሱ ለሰፈሩ አልበቃውም። እንጨት ለቀማ ቢሆን ይገባቸው ነበር፤ የጠፋች ፍየል ፍለጋ ቢሆን አብረዋት ይፈልጉ ነበር። በማለዳ ባዶ እጇን ጫካ ገብታ ባዶ እጇን የምትወጣ ሴት ግን ወይ ከሰው ተቀጣጥራለች ወይ ለይቶላታል። ወሬው ወንድሟ ሱቅ ደረሰ። አንድ ደንበኛ መስኮቱን እየለካ “እህትህ ዛሬም ጫካ ጥበቃ ወጣች?” አለው። ወንድሟ ሳቀ፤ ሰውዬው ሲሄድ ግን መዶሻውን ወረወረው።

ያኔ ነው እናቷ ዘንቢሉን የገዛችው። “ዘንቢል የያዘች ሴት ወዴት ነው ስትባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?” አለቻት። “እሱን አንጠልጥይና የፈለግሽበት ሂጂ። አፋቸው ይዘጋል።”

አፋቸው ተዘጋ። እትዬ ደጃፍ ዘንቢሉን አይተው “ገበያ ነው?” አሉ፤ ካውያ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ አለቀ። እንዲህ ቀላል መሆኑ አስቋት ነበር። ሳቁ እስከ “እግረ መንገድሽን” ድረስ ነው የቆየው። መጀመሪያ አንድ ኪሎ ቲማቲም መግዣ ነበር። ገበያ ነኝ ብላለች፤ ገበያ የምትሄድ ሴት ደግሞ ገበያ አልሄድም ማለት አትችልም። ገበያው ደግሞ ከጫካው በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ጫካውን አሳጠረች፤ እስከ ኮረብታው ጫፍ የነበረው እስከ ጅረቱ ሆነ፣ እስከ ጅረቱ የነበረው እስከ መጀመሪያዎቹ ዛፎች። ቀጥሎ ሳሙና፣ የሚሳል ቢላዋ፣ ለአክስት የሚደርስ ቁልፍ መጣ። ሰፈሩ ወደዳት። “የተባረከች ልጅ” ተባለች፤ ስለ ዳቦ ቤቱ ሰውዬ ያወራችው ሴት ራሷ ሳትቀር እንዲህ አለች። ጫካው ቀረ።

እናቷ ሳህኑ ሳይነካ መመለስ እንደጀመረ አይታለች። ሐሳቡ የራሷ ስለነበረ ዝም አለች።

ያን ቅዳሜ ካውያ ከቅያሷ ወጥታ ጎሚስታው ጋ ስትደርስ ቆመች። መንገዱ እዚያ ይከፈላል። ግራው ወደ ገበያ ይወስዳል፣ ቀኙ በጭንጫው ቁልቁል ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ ከታች በኩል የራሰ ቅጠል ሽታ መጣ።

እግሯ በራሱ ወሰዳት ቢባል ውሸት ነው። ቆማ አስባለች። ወንድሟ እንደሚጮህ አሰበች፣ ሰውዬው በሩን ሊወስድ እንደሚመጣም አሰበች፣ እትዬ ደጃፍ ጫማውን ሲያዩ የሚያደርጉትን ፊት አሰበች። ተመልሳ “አልችልም” ብላ ኤሌክትሮዱን ለማስረከብም ጊዜ ነበራት። አልተመለሰችም። ሁሉንም አስባ ጨርሳ ወደ ቀኝ ታጠፈች።

ጫካ ስትገባ መጀመሪያ የሚመጣው ጭቅጭቅ ነው። ጅረቱን እስክትሻገር ድረስ ካውያ በሐሳቧ ከሰፈሩ ጋር በሙሉ ተጣላች። ከእትዬ ደጃፍ ጋር ተጣላች፣ ከደንበኛው ጋር፣ ከእናቷም ጋር። እየሄደች መልስ ትመልሳለች፣ ለመልሷ መልስ ትሰጣለች፣ እጇ ይወራጫል። ዘንቢሉ ውስጥ ጫማው ከጠርሙሱ ጋር እየተጋጨ ቋ ቋ ይላል። “አንተ ደግሞ ዝም በል” አለችው ጫማውን።

ዳገቱ ሲጀምር ጭቅጭቁ እያጠረ መጣ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ትንፋሽ አይበቃም። ጎኗን ወጋት፤ አልቆመችም። ረጃጅሞቹ ዛፎች ልጣጫቸውን እንደ አሮጌ ቀለም እየገፈፉ ይጥላሉ፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ግንድ እንደ ሕፃን ገላ ለስላሳ ነው። አንዲት ወፍ ከላይ እንጨት ትወቅራለች፣ ትንሽ ቆም ትልና የሠራችውን የምታይ ይመስል እንደገና ትጀምራለች። ጉንዳኖች መንገዱን አቋርጠው አንዲት የሞተች ንብ ይዘው ይሄዳሉ። ካውያ ሰልፋቸውን ላለመበተን በሰፊው ተራመደች። ጭቃው ጫማዋን ይዞ ሲለቅ የሚያሰማው ድምፅ ደስ አላት። ደስ እንዳላት ያወቀችው ካለፈች በኋላ ነው።

ከኮረብታው ጫፍ ሰፈሩ በሙሉ ይታያል። የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ የልብስ ገመዶች፣ የወንድሟ የዛገ ብረት ክምር። ቅያሷ ከዚህ ስትታይ የክር ውፍረት አላት። በዚያች ክር ላይ አንዲት ነጥብ አለች፤ እትዬ ደጃፍ ናቸው፣ ከደጃፋቸው። ካውያ ብቻዋን፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሳቀች። ሳቋ እሷኑ አስደነገጣት፣ ከዚያም እንደገና አሳቃት።

በሌላኛው በኩል ወርዳ፣ ከነዘንቢሏ፣ በቀጥታ ሥራ ገባች።

ላውንደሪ ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው። ከፊት ደንበኛ የሚቆምበት ባንኮኒ፣ ከመሃል መተኮሻዎቹ፣ ከኋላ ማጠቢያ ማሽኖቹ። መስኮቱ ለባንኮኒው ነው የተሠራው፤ እንፋሎቱ ግን የሚቀረው ከኋላ ነው። አጣቢዋ፣ ካውያን ሥራ ያስለመደቻት ትልቅ ሴት፣ የረጠበ አንሶላ እየጠመዘዘች ጭቃ የነካውን ጫማዋን አየች፤ አንድ ነገር ልትል ስትል ደንበኛ ገባ። ወፈር ያለ፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነው። ሱሪ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

“ይሄ የማን ሥራ ነው? ሁለት መስመር አውጥታችሁበታል።”

ካውያ ከመተኮሻው ተነስታ ሱሪውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ በብርሃን አየችው። “አንዱ መስመር የእኔ ነው” አለች። “ሁለተኛውን እርስዎ ነዎት ያወጡት። ተጣጥፈው ይቀመጣሉ። ሱሪው ጠቦዎታል።”

“ጠቦኛል ማለት?”

“ሱሪው ነው የጠበበው፣ እርስዎ ምን አጠፉ። ሲጠብ ደግሞ እዚህ ጋ ይሸበሸባል። ይኸው። አሁን አቃንቼ እሰጥዎታለሁ፣ ግን ሲቀመጡ ትንሽ ዘርጋ ብለው ይቀመጡ።”

ሰውዬው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ ሆዱ ተመለከተ። “ሚስቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ” አለ።

“ታዲያ እሷን ትተው እኔ ጋ ምን ያመላልስዎታል?”

እየሳቀ ወጣ። አጣቢዋ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። “አንቺ ካውያ” አለች። “ይቺ ምላስ ከየት መጣች?”

“ጫካ ጥያት ነበር። ዛሬ ሄጄ አመጣኋት።”

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል አጣቢዋ ዘንቢሉ ውስጥ አጮልቃ አየች። ጫማ፣ ጠርሙስ፣ ካልሲ፣ ቁራጭ ብረት። ነገሩ ሲነገራት ፊቷ ተለወጠ።

“የወንድምሽንም? እሱስ ሥራው ነው።”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲህ ስሚኝ። ማታ ስትገቢ ገበያው ተዘግቶ ነበር በይ። ወይም አሞኝ ነበር በይ። አንድ ቀን ብትዋሺ ምን ትሆኛለሽ?”

ካውያ ሸሚዙን ገልብጣ እጅጌውን ተኮሰች። ጥሩ እጅጌ ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወጣ። “አንድ ቀን ዋሽቼ እኮ ነው ዘንቢል ተሸካሚ የሆንኩት” አለች።

ስትመለስ ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነበር። እትዬ ደጃፍ ከሩቅ አይተው እጃቸውን ዘረጉ።

“መጣሽ፣ እሰይ። ምን አለ ጫማ ሰፊው?”

“ምንም አላለም። አላየውም።” ጫማውን አውጥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

“አልነበረም?”

“እኔ ነኝ ያልነበርኩት። ገበያ አልሄድኩም፣ እትዬ። ጫካ ነበርኩ።”

“ከነጫማዬ?”

“ከነጫማዎ። ዞሮ ዞሮ መጣ።”

እናቷ ድምፅ ሰምታ ከግቢው በር ብቅ አለች፤ የሁለቱን ፊት አይታ ገባት። “ገበያው ተዘግቶ ይሆናል” አለች ቶሎ ብላ። “ቅዳሜ እኮ አንዳንዴ...”

“አልተዘጋም እማዬ።”

“መንገዱም ጭቃ...”

“እማዬ። አልሄድኩም።”

እትዬ ደጃፍ ጫማቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉት። “እኔ እንኳ ሄደሽ ነው ያልኩት” አሉ። ቅያሷ ውስጥ ሁለት በሮች በትንሹ ተከፈቱ። ካውያ ከጎን ቤት በራፍ ጠርሙሱንና ካልሲውን በእጅ አስረከበች። “አልሄድኩም፣ ይቅርታ” አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ወደ ወንድሟ ገባች።

ወንድሟ አልጮኸም። አለመጮሁ ነው የከፋው። ትልቁ በር ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ግማሹ ተበይዷል፣ ግማሹ አልተበየደም። ሱቁ ውስጥ የቀዘቀዘ ብረት ሽታ አለ።

“ሰውዬው መጥቶ ነበር” አለ። “ቆሞ አይቶኝ ሄደ። ሊጭንበት ያመጣውን መኪና ይዞ፣ ባዶውን።”

ካውያ ኤሌክትሮዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። “ወንድምዓለም፣ ጠዋት እሺ ማለት አልነበረብኝም። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ጥፋቴ እሱ ነው።”

“ጫካ መሄድሽ አይደለም?”

“ጫካ መሄዴ አይደለም።”

“ምን አለ እዚያ?”

“ዛፍ።”

“ዛፍ” አለ ወንድሟ። “ለዛፍ ብለሽ ነው እኔ የሰው ፊት ያየሁት። ሥራዬን ላኩሽ እንጂ ሽርሽር ላኩሽ እንዴ? ከነገ ጀምሮ የግቢው በር የሚከፈተው እኔ ስነሳ ነው። መቀርቀሪያውን እንደምታውቂው ነው፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት።”

“አውቀዋለሁ። ጥሩ መቀርቀሪያ ነው። የሠራኸው ግን ለሌባ ነው።”

“አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን...”

“ባለፈው ዓመት” አለች ካውያ፤ ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። “ባለፈው ዓመት ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስውል ይሄ በር ክፍት ነበር። ወዴት ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። አሁን በእግሬ ቆሜ ስወጣ ነው ሁሉም መዝጊያ የሚፈልግልኝ?”

ወንድሟ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በጨርቅ ይወለውለው ጀመር። መነጽሩ ንጹህ ነበር።

እናታቸው በራፉ ላይ ቆማለች። “ዘንቢሉ የእኔ ሐሳብ ነው” አለች። “የምትጮህ ከሆነ እኔ ላይ ጩህ።”

“አልጮህኩም።”

“ጩህና ይውጣልህ።”

“እማዬ፣ አልጮህም ነው የምልሽ።” መነጽሩን አስቀመጠ። “እኔ ወሬው አይደለም። እሺ፣ ወሬውም ነው። ግን አሁንም ስትወጪ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ያኔ እንደነበርሽው ሆነሽ እዚያ ጫካ ውስጥ ብትቀሪስ እላለሁ። ሰው ለምን እንደሚሄድ ካላወቅኩ፣ እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ?”

ካውያ ይሄን አላሰበችውም ነበር። ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች።

“እዚያ የምሄደው እንዳልቀር ነው” አለች። “ምክንያት ከፈለግክ ይሄ ነው። ሌላ የለኝም።”

ከዚያ ወንድሟ ተነስቶ ወደ ጓሮው በኩል ያለውን አጥር ተመለከተ፣ በዓይኑ ለካው፤ እጁ ሳይታወቀው ወደ ሜትሩ ሄደ።

“በጓሮ በር ላውጣልሽ” አለ። “ትንሽ በር። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ጀርባ ትወጪያለሽ። እትዬ ደጃፍ አያዩሽ፣ ማንም አያይሽ። ዘንቢልም አያስፈልግሽም። የፈለግሽበት ትሄጃለሽ።”

እናታቸው ትንፋሿን ለቀቀች። “ይኸው” አለች። “ይኸው፣ አበቃ።”

እሁድ ጠዋት ካውያ የነቃችው በሜትሩ ድምፅ ነው፤ የብረት ቅጠሉ ተስቦ ሲመለስ ጭርር የሚል ድምፅ ያሰማል። ወንድሟ ጓሮ ነው። የአጥሩን ቆርቆሮ በጠመኔ ምልክት አድርጎበታል። የጎን ልክ፣ የከፍታ ልክ። ከፍታውን ሲለካ ወደ እሷ ዞሮ ቁመቷን በዓይኑ ለካ። ከአሮጌ ብረቶቹ መካከል ደህና ደህናዎቹን መርጦ አሰልፏል፤ ለደንበኛ እንኳ እንዲህ አይመርጥም።

“አትድከም፣ ወንድምዓለም” አለችው።

“ድካም የለውም። እስከ ምሳ አልቆ...”

“አልወጣበትም።”

ሜትሩን ለቀቀው፤ ተጠቅልሎ ገባ። “ምን?”

“በሩ ያምራል፣ ገና ሳይሠራ ያምራል። ግን አልወጣበትም።”

እናቷ ከወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አወጣች። “ምነው አንቺ፣ እሺ በይው። ለአንቺ ብሎ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ። ዘንቢሉም ለእኔ ተብሎ ነው የተገዛው።” ጫማዋን አሰረች፤ ከትላንት የቀረ ጭቃ ከሶሉ ረገፈ። “ተደብቄ የምሄድ ከሆነ የምደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። የለኝም። መንገድ ነው የምሄደው።”

ወንድሟ ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አንከባለለ። ሊከራከር የፈለገ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ግን ተራምዶ ሄዶ የፊተኛውን በር መቀርቀሪያ ራሱ ሳበው። ብዙ ዘይት የጠጣ መቀርቀሪያ ነው፣ ድምፅ አላሰማም። በሩን ከፍቶ ከጎኑ ቆመ፤ ወደ እሷም ወደ ቅያሷም አላየም።

“ፀሐይ ወጥታለች እኮ” አለች እናቷ ከኋላዋ። “ሰው ሁሉ ውጭ ነው። ነገ በማለዳ ብትሄጂ አይሻልም?”

“ዛሬ ይሻላል።”

“እሺ፣ ቢያንስ ዳር ዳሩን ሂጂ።”

ቅያሷ በእውነትም ሞልታለች። እሁድ ነው፤ ልብስ የሚያሰጣው ያሰጣል፣ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ይሞቃል። እትዬ ደጃፍ ቦታቸው ላይ ናቸው። አንድ እጃቸው ፌስታል ይዟል፤ ካውያን ሲያዩ ከፍ አደረጉት፣ ከዚያ ክንዷን ፈለጉ። ክንዷ ላይ ምንም የለም። ፌስታሉን የሚያኖሩበት አጥተው አየር ላይ ያዙት።

“ወዴት ነው?”

“ጫካ፣ እትዬ።”

“ባዶ እጅሽን?”

“ባዶ እጄን።”

ከጎን ቤት በር ሥር አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ ሰው “ዝም በል” አለው። ካውያ ሁለት እርምጃ ሄደች። እጆቿ ያስቸግሯታል። ዘንቢሉ የነበረበት ክንድ ያለ ክብደቱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ሌላኛው የሚያደርገው ጠፍቶት ቀሚሷን ይጎትታል። ሁሉም እጆቿን ነው የሚያየው። ያኔ ጡረታ የወጡት ሽማግሌዎች ትዝ አሏት። በዚችው ቅያስ፣ በዚችው ሰዓት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ ከጥግ ጥግ የሚንሸራሸሩት። ወዴት ነው ያላቸው ሰው የለም። ምን ፈልገው ነው ያለ የለም። እንዲያውም ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሳላቸዋል።

ካውያ ቆመች። ሁለቱን እጆቿን ወደ ኋላዋ ወሰደች፣ አንዱን በሌላው ያዘች፣ ትከሻዋን ወደ ኋላ ጣለች። ከዚያ ከቅያሷ ዳር ተነስታ ወደ መሃል ገባች፤ እርምጃዋንም ቀስ አደረገች፣ አይቶ ያልጠገበ እንዲያይ።